የስም ሹመት፣ የኪስ ሽረት!

(በአዲስ አበባ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

በሳምንት አንዴ ከምታገኙት የዕረፍት ቀን ላይ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ትርፍ ሰዓት ልናገር መጥቼ እናንተኑ ትርፍ ሰዓት እንዳላስቀምጣችሁ በአጭሩ እናገራለሁ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ተሿሚ ሁሉ የሚበላ ይመስል! እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የደመወዝ መክፈያ ሠርቻለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ያየሁት ተሿሚ ሌላ ዓይነት ነው፤ በተሾመ ዕለት መራብ የሚጀምር ተሿሚ! ትናንት ገንዘብ ተቀባይ የነበረችው ልጅ «የሒሳብ አስተባባሪ» ትባላለች። ዘበኛው «የጥበቃ ኃላፊ» ይሆናል። ዕቃ ቤት ጠባቂው «የንብረት ሱፐርቫይዘር» ተብሎ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ «እንኳን ደስ ያለዎ» አለው። ወሩ ሲያልቅ የትርፍ ሰዓቱ ዓምድ ባዶ ነው። ሲጠይቅም «አንተ እኮ አሁን ኃላፊ ነህ፤ ኃላፊ ኦቨርታይም የለውም» ይባላል።

ለመሆኑ ይህ ሕግ ነው ወይስ ብልጠት?

አሁን የምንተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከዚያ በላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ይባዛል።

አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚላቸውን ግን አይመለከትም። የእነሱ ጉዳይ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ የሥራ መሪ የተባለ ሰው የሚቀርበት ትርፍ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። በአዋጁ ያለው የስንብት ክፍያ ይቀርበታል፤ ከሥራ ሲባረር የሚጠብቀው ድንጋጌ ይቀርበታል፤ በሠራተኛ ማኅበር መደራጀትም ይቀርበታል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው!

ታዲያ የሥራ መሪ ማነው? አዋጁ «ኃላፊ» የሚል ስም የተጻፈለት ሁሉ የሥራ መሪ ነው አይልም። የሚቆጥረው ሥልጣንን ነው። በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም አንድ ነው። ይህ ባይኖረውም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለው ሁለት ነው። በአመራር ጉዳይ ላይ በራሱ ነፃ ግምት ለአሠሪው የእርምጃ ሐሳብ የሚያቀርብ የሕግ አገልግሎት ኃላፊ ሦስት ነው። በቃ!

አንዳንድ አሠሪዎች «መመደብ» የምትለዋን ቃል አጥብቀው ይይዟታል። «ዛሬ ማን በየትኛው በር እንደሚቆም የሚነግረው እሱ አይደለም ወይ?» ይላሉ። እስቲ እኛም እንጠይቃቸው። ያ የተሾመ ዘበኛ ከላይ የወረደለትን የስም ዝርዝር ከማንበብ ሌላ ምን ሥልጣን አለው? አንድ ሰው መቅጠር ይችላል? አንድ ሰው ማገድ ይችላል? እሱ ራሱስ በር ላይ ቆሞ አያድርም ወይ? ማዘዝ ሌላ፣ ትእዛዝ ማድረስ ሌላ! ፖስተኛው ደብዳቤ ስላደረሰ ጸሐፊው እሱ ነው አይባልም።

ሒሳቡን እናስላው፤ ቁጥር አያዳላም። በወር 6,240 ብር የምታገኝ ገንዘብ ተቀባይ እንውሰድ። በብዙ ድርጅት እንደሚሠራበት በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብለን ለ208 ስናካፍለው የሰዓቷ ዋጋ 30 ብር ነው። የቀኑ ትርፍ ሰዓት 45 ብር ያወጣል። በየቀኑ 2 ሰዓት ብታመሽ በስድስት ቀን 12 ሰዓት፣ 540 ብር ይሆናል። በአራት ሳምንት 2,160 ብር። አሁን «አስተባባሪ» ሆነችና በወር 500 ብር የኃላፊነት አበል ተጨመረላት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። 500 ተቀብላ 2,160 አስረከበች! በየወሩ 1,660 ብር ከኪሱ እየከፈለ የሚሾም ሰው የት አገር ታይቷል?

ሌላው ብልሃት «ደመወዝህ ጥቅል ነው፤ ኦቨርታይሙ እዚያው ውስጥ አለ፤ ፈርመሃል» የሚለው ነው። የሥራ ውል ሕግ ከሰጠው መብት ያነሰ ነገር ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ይህን ያለው ራሱ አዋጁ ነው። የእናንተ ፊርማ ሕግ አይሽርም።

ስለ መንግሥትም አንድ ነገር ልበል። በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 የቀኑ ትርፍ ሰዓት በ1.25፣ የሌሊቱ በ1.5 ነበር የሚባዛው። በ2011 ከፍ አለ፤ አልክድም። በሌላ በኩል ግን ምን ተወሰደ? ቀድሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት አይበልጥም ነበር። አሁን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ሆኗል፤ የወሩና የዓመቱ ጣሪያ ተነሥቷል። 12 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 624 ነው። ከ100 ወደ 624! ሰዓቱ በተለጠጠ ቁጥር በነፃ የማሠራት ጉጉትም አብሮ ይለጠጣል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያ በሥራ ሰዓት ገብቶ እንዲያይ አዋጁ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስንቶቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል? እጃችሁን አውጡ ብል የሚነሣ እጅ ስለማይኖር አልጠይቅም።

አሠሪም ቢሆን ደስ ባለው ቀን «አምሹ» ሊል አይችልም። የተፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው ሲተካ ነው። ነፍሰ ጡርና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ ደግሞ ጨርሶ ትርፍ ሰዓት አይሠራም።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል! የመንቀዣው ጊዜም ስድስት ወር ነው። መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ትርፍ ሰዓት በይርጋ ይታገዳል። ያቺ «አስተባባሪ» ሁለት ዓመት ታግሣ ብትከስ፣ አሠሪዋ ይርጋ ካነሣ፣ የአንድ ዓመት ተኩሉ ላብ ቀልጦ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? የሹመት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምን ሥልጣን እንደተሰጣችሁ ይጻፍ። ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው አዝዞ ሲሠራ ነውና «አምሹ» የሚለውን የቴሌግራም መልእክት አታጥፉ። ደብተር ግዙ፤ ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ያዘዘውን ሰው በየዕለቱ ጻፉ። ክፍያውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብሉ። እምቢ ካለ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

«እንባረራለንስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ቅሬታ ማቅረብም ሆነ አሠሪን መክሰስ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ቢሆንም ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆች መብላት አለባቸው፤ ይህን አዋጅ አይመልሰውም። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትጠይቁ የምለው። አንድ ሰው ሲጠይቅ «አስቸጋሪ» ይባላል፤ አርባ ሰው ሲጠይቅ ግን ስብሰባ ይጠራል። ማኅበር ካላችሁ በማኅበራችሁ፣ ከሌላችሁ ተሰባስባችሁ ጠይቁ።

ሹመት አንጠላም። ሥልጣን ያለው ሹመት ከሆነ ከነደመወዙ ይምጣ። ስም ብቻ ከሆነ ግን ስማቸውን ይውሰዱ፤ ሰዓታችንን ይክፈሉን!