ጎዳናው ልጁን በምን ያዘው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎዳና ልጆች ነው። እንድታለቅሱልኝ አይደለም። ፎቶ አንስቶ «ያሳዝናል» ብሎ መለጠፍ ለምደነዋል። ከዚያ ስልካችንን ኪሳችን ከተን ልጁን አልፈነው እንሄዳለን። ስለ አገርና ስለ ሕዝብ ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ወጣቶች ነን እኮ! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የአሥር ዓመት ልጅ አንዴ ጎዳና ከወጣ በኋላ ለምን አይመለስም?

«ጎዳናው ጥሞት ነው» የሚል አለ። ውሸት ነው። በሦስት ነገር ታስሮ ነው።

አንደኛው ብር ነው። መርካቶ ወይም አውቶቡስ ተራ የምታዩት ልጅ ሥራ ፈት አይደለም። ጫማ ይጠርጋል፣ ሶፍትና ማስቲካ ያዞራል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ፕላስቲክ ይለቅማል። ማታ ግን ብር ይዞ መተኛት አይችልም። ጉልበተኞቹ ፈትሸው ይወስዱበታል፤ እምቢ ካለ ይደበደባል። ስለዚህ ሳይመሽ ይጨርሰዋል፤ ቡሌ ይበላበታል፣ ቪዲዮ ቤት ይገባበታል፣ ማስቲሽ ይገዛበታል። እኛ «አባካኝ» እንለዋለን። እሱ ግን ሒሳቡን ያውቃል፤ ሳያጠፋው ያደረ ብር የሱ አይደለም። ማስቲሹም ቢሆን የክረምቱን ብርድና የባዶ ሆዱን ስሜት የሚያደነዝዝበት ነው፤ እያደነዘዘ ጭንቅላቱን ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ብሏል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ልጁ ግን የልደት ካርድ የለውም። ትምህርት ቤት ልግባ ሲል «ወላጅህን ጥራ» ይባላል። ሲያድግ መታወቂያ ሲጠይቅ «አድራሻህ የት ነው?» ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠር ይላል፤ ጥሩ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ቀጣሪ የለውም፤ ታዲያ ሕጉ ማንን ይጠይቅለት?

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ይሉኝታ ነው። ልጁ ከቀዬው የወጣው በድርቅ፣ በጦርነት፣ በእናት ሞት፣ በእንጀራ አባት ዱላ ወይም በደላላ ወሬ ነው። ብዙው «ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነው የወጣው። ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ? በአፈሳ ተጭነው የተላኩ ልጆች ዞረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ያባረራቸው ነገር እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። መኪና ልጁን ያደርሰዋል እንጂ አያስታርቀውም።

እንግዲህ እኛስ? እኔ ዲግሪዬን ይዤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የምዞር ሰው ነኝ። ከእናንተም ብዙዎቹ እንደኔ ናችሁ። ብር የለንም። ጊዜ ግን አለን፣ ማንበብና መጻፍ እንችላለን፣ የቢሮ ደጅ መጥናትም በደንብ ለምደናል።

ስለዚህ በየሰፈራችን ሦስት ነገር እናድርግ። ልጆቹ የሚያምኑት ባለሱቅ ፈልገን ብራቸውን በደብተር እየመዘገበ ያስቀምጥላቸው። ወረዳ ሲሄዱ አብረናቸው እንሂድ፣ ማመልከቻ እንጻፍላቸው፤ ልጅን «ነገ ተመለስ» ብሎ ማባረር ቀላል ነው፣ አጠገቡ ሰው ሲቆም ግን ይከብዳል። አዲስ የመጣ ልጅ ስናይ ደግሞ ዛሬውኑ ቤተሰቡን እናፈላልግ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና እናቱን እያሰበ ነው፤ ሲቆይ ግን ጎዳናው ቤተሰቡ ይሆናል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ፎቶ አታንሷቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ብላችሁ የምትጠይቁት ቤቱን ለማግኘት ብቻ ይሁን። የኛ ነው የነሱ ነው ብለን የምንመርጠው ልጅ የለም። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጥርሱ የሚንገጫገጨው በሁሉም ቋንቋ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። በሚቀጥለው ስንገናኝ ስንት ላይክ እንዳገኛችሁ አልጠይቃችሁም። የስንት ልጅ ስም እንደምታውቁ ግን እጠይቃችኋለሁ።