ከጆንያና ከፌስታል የሚወጣ ድምፅ



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ልጄን የላክኋት ፊልም እንድትማር እንጂ ቆሻሻ እንድትለቅም አይደለም» ብለው ወቀሱን። እውነት ነው፣ አስቀድመን አላስረዳንም። የቅዳሜው ሥልጠና ይቀጥል አይቀጥል ዛሬ ስለምትወስኑ፣ ሥራውን እንንገራችሁ።

ልጆቹ በስልክ ሲቀርጹ የባጃጅ ጩኸት ጎልቶ ይገባል፤ የእግር ኮቴና የእሳት መንጣጣት ግን አይሰማም። ስለዚህ ምስሉን እያዩ ድምፁን ለብቻ ይሠሩታል። ሙያው «ፎሊ» ይባላል፤ በ1929 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ «ሾው ቦት» ለተባለው ፊልም ድምፅ ከሠሩት አንዱ በነበረው በጃክ ፎሊ ስም የተጠራ ነው።

በውጭ አገር የፈረስ ኮቴ በኮኮናት ቅርፊት ይሠራል። እኛ ዲላ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል አለን። ፌስታል ቀስ ብሎ ሲጨማደድ እሳት ነው፤ ቆርቆሮ ሲወዛወዝ ነጎድጓድ። የደረቀ የእንሰት ቅጠልማ ከጓሯችን ነው፤ ሲረገጥ ሰው ጫካ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል።

ያስቸገረን ዝናቡ ነው። ከለቀማ የተጣለ ቡና ወንፊት ላይ ብናንከባልል ጠጠር ጠጠር አለብን። አንዲት ልጅ ከሥሩ የተቀደደ ጆንያ አነጠፈችና ካፊያ ሆነ። የወቀሱን እናት ልጅ ናት።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ እስካሁን የገዛነው ፕላስተር ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ። ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ነው የሚነካው፤ የተሰበረ ጠርሙስ አናስገባም። ከፈቀዳችሁ፣ ለቅዳሜ አሮጌ ጆንያ ያላችሁ አምጡልን። ደህናው ቡና ግን እቤት ይቅር።