ሒሳብ ከማን ተጣልቶ?

አድማጮቼ፣ ወጥ ቤት ያላችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉት። ዛሬ የማወጋው ከወላጆች ጋር ነው፤ ልጆቹም ከጎን ሆነው ቢሰሙ አልጠላም።

በዚህ ሳምንት ሦስት እናቶች፣ ባለፈው ወር ደግሞ አንድ አባት ደውለውልኛል። ቃላቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው ያው አንድ ነው። «ልጄ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ አንድ ዓመት ባንክ ልሠራ ነው አለችኝ። ትምህርቷን ልታቋርጥብኝ ነው፤ እባክሽ ምከሪልኝ።» አንዷማ ማልቀስ ነበር የቀራት። «ሌሊት ሌሊት ቢሮ እያጸዳሁ ያስተማርኳት እኔ፣ እሷ በመንገድ እንድትቀር ነው?» አለችኝ።

አልቀረችም እመቤቴ። ምንም አላቋረጠችም። እዚህ እንግሊዝ አገር ልጆቹ «ፕሌስመንት» የሚሉት ነገር የትምህርቱ አንድ አካል ነው። ሁለት ዓመት ይማራሉ፣ አንድ ዓመት ይሠራሉ፣ ተመልሰው የመጨረሻውን ዓመት ይጨርሳሉ። ሥራው ከሁለት ትምህርት መካከል ስለገባ ፈረንጆቹ ራሳቸው «ሳንድዊች» ይሉታል። ባዝ፣ አስተን፣ ላፍብራ፣ ሰሪ፣ ብሩኔል የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ስሟ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ አይፋቅም። አበቃ፤ የእናንተን ስጋት በዚሁ ዘጋሁት። የእኔ ስጋት ግን ሌላ ነው፤ ስለሱ ደግሞ ማንም ደውሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

እኔ የምፈራው ልጆቻችን ባንክ ገብተው አንድ ነገር ሲሳሳቱ ዝም እንዳይሉ ነው።

የእህቴ ልጅ ለንደን ውስጥ ካነሪ ዎርፍ ካሉት ባንኮች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ 13 ወር ሠርታለች። ባንክ ስትሉ ገንዘብ የሚቆጠርበት መስኮት እንዳይመጣባችሁ። እሷ ያለችበት ክፍል አንድም ብር፣ አንድም ፓውንድ በዓይኑ አያይም። ሥራው ሌሎች ሸጠው ገዝተው ከተስማሙ በኋላ የሚመጣ ነው። ለንደን ላይ አንድ አክሲዮን ሰኞ ቢሸጥ፣ አክሲዮኑና ገንዘቡ እጅ የሚለዋወጡት ረቡዕ ነው። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 2024 በማግስቱ አድርገውታል፤ ለንደን ገና በሁለት ቀኑ ላይ ናት። ታዲያ በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ይኼኛው ባንክ «ይህን ያህል ሸጫለሁ» ብሎ የጻፈው፣ ያኛው ወገን «ይህን ያህል ገዝቻለሁ» ብሎ ከጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ያልገጠመውን መስመር እያደኑ ማግኘት፣ ለምን እንዳልገጠመ መጠየቅ፣ ሲገጥም መዝጋት፤ የልጅቷ የጠዋት ሥራ ይኼ ነበር። በአማርኛ የሒሳብ ሰዎች ማስታረቅ ይሉታል።

እናቴ ደሴ ናት። የልጅ ልጇን በስልክ «ምን ሥራ ሰጡሽ?» ብትላት «ሒሳብ አስታርቃለሁ እማማ» አለቻት። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «ሒሳብ ከማን ተጣልቶ?» አለች። ሳቅንባት። በኋላ ሳስበው ግን ከእኛ ሁሉ በተሻለ የገባት እሷን ነው። ሁለት ወገን አለ፣ ቃላቸው አልገጠመም፣ መሐል የተቀመጠ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። የ20 ዓመቷ ልጅ ሽማግሌ ተደርጋ ተቀምጣለች።

ችግሩ ሽማግሌዋ አፍ የላትም። እንደ አብዛኞቻችን ልጆች ታላቅ ሲናገር ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ያደገች ናት። እዚያ ቢሮ ደግሞ አባቷን የሚያህለውን አለቃ በባዶ ስሙ ነው የሚጠሩት። ጋሼ የለ፣ አቶ የለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን አልጠራችም ብላችሁ ታምናላችሁ? ጥያቄ ሲኖራት ሄዳ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ትስላለች። አንድ ቀን ሰውዬው «ጉንፋኑ አልተሻለሽም?» አላት። ይኼን ስትነግረኝ እስኪያመኝ ስቄያለሁ። ከሳቄ በኋላ ግን ደነገጥኩ፤ ሰውን በስሙ ለመጥራት የፈራች ልጅ «ተሳስቻለሁ» ለማለት ከየት ታመጣለች?

የፈራሁት ደረሰ። አንድ ሐሙስ መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ ገንዘቡ እኩል ነው፣ ተቀባዩ ግን ለየቅል ነው። ቸኩላ አንዱን ከሌላው ጋር አጋጥማ «ታርቋል» ብላ ዘጋችው። የነቃችው ማታ በባቡር ስትመለስ ነው፤ ጁብሊ ላይን ላይ ቆማ ሳለ ቁጥሩ ድንገት ዓይኗ ላይ መጣ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

እኔስ ምን አልኳት? አሁን ይኼን ማይክሮፎን ይዤ የምመክራችሁ ሴትዮ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ነገ ማልደሽ ግቢና ሰው ሳያይ አስተካክዪው።» ነው ያልኳት። እናቴ ሰሃን ስሰብር የምትለኝን ነው ያወረስኳት፤ ስብርባሪውን አባትሽ ሳይመጣ ጥረጊው።

ልጅቷ ሰማችኝ፤ አንድ ሰዓት ቀድማ ገባች። ግን ባንክ እንደ እናቴ ጓዳ አይደለም። የዘጋችውን መስመር መልሳ ለመክፈት የሌላ ሰው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያየው አያልፍም፤ እነሱ «አራት ዓይን» ይሉታል፣ የእሷ ሁለት፣ የሌላ ሰው ሁለት። ስለዚህ የግዷን ሄዳ፣ ስታለቅስም ስትስልም፣ ለአለቃው ነገረችው። ሰውዬው ስለ ስህተቱ ምንም አላላትም። የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ነው ያወቅሽው?» ትናንት ማታ አለችው። «ታዲያ ለምን ማታውኑ አልደወልሽልኝም?» አላት። ሲናደድ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ማታ ቢያውቅ በጊዜው ይደርስ የነበረ ክፍያ በአንድ ቀን ዘገየ፤ ባንኩም የመዘግየቱን ወለድ ከፈለ። ስህተቱ ያልጎዳትን ልጅ ሌሊቱ ሊጎዳት ነበር። ሌሊቱ ደግሞ የእኔ ምክር ነበር።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጡልኝ። ለልጃችሁ የምታለብሱትን ኮት፣ የምትገዙትን ጫማ አውቃለሁ። ስትሸኙት ግን «አደራ እንዳታሳፍረን» አትበሉት። እንዲህ ያላችሁት ልጅ የተሳሳተ ቀን መጀመሪያ የሚያስበው የእናንተን ፊት ነው፤ ይደብቃል።

መደበቅ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የዚህችው የለንደን ታሪክ ይነግራችኋል። ቤሪንግስ የሚባል ባንክ ነበር፤ በ1762 የተቋቋመ፣ ንግሥቲቱ ሳይቀሩ ደንበኛው የነበሩ። ኒክ ሊሰን የሚባል ወጣት ሲንጋፖር ላኩ። ልጁ ሥራ የጀመረው ልክ እንደ እህቴ ልጅ ሒሳብ በማመሳከር ክፍል ነው። በ1992 አንዲት አዲስ ሠራተኛ መግዛት ሲገባት ሸጠች፤ የጠፋው 20 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር፣ እሱ በኋላ እንደተናገረው። ይህን ለለንደን በማስታወቅ ፈንታ ቁጥሩ 88888 በሆነ ሒሳብ ውስጥ ሸሸገው። ከዚያ የራሱንም ኪሳራ እዚያው ላይ ከመረ። ማን ያየዋል? የሚነግደውም እሱ፣ የሚያስታርቀውም እሱ፤ ባለጉዳይም ዳኛም አንድ ሰው ሆኖ። በ1995 ሲገለጥ ጉድጓዱ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። የ233 ዓመቱ ባንክ ለአንድ የሆላንድ ድርጅት በ1 ፓውንድ ተሸጠ። አዎ፣ በአንድ ፓውንድ፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ቡና እንኳ አትጠጡበትም። የሠራተኛዋ ስህተት በዚያው ቀን ተነግሮ ቢሆን 20 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ይቀር ነበር።

ልጆች፣ እናንተም ስሙኝ። ተለማማጅ መሆናችሁን ባንኩ ያውቃል፤ እንደምትሳሳቱም አስቦ ነው የወሰዳችሁ። ቁጥር ስታምታቱ፣ ኢሜይል ለማይገባው ሰው ስትልኩ፣ ሳይመሽ ለአንድ ሰው ንገሩ። «ልብ ብዬው ነበር» ከነገ ወዲያ ማለት ምንም አይፈይድም። የአለቃችሁን ስም መጥራት ካስፈራችሁ ሳሉ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ሳትናገሩ ወደ ባቡሩ እንዳትወርዱ።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር። ልጅቷ በክፍሏ ደንብ ሁለት ሳምንት ተከታታይ ዕረፍት ውሰጂ ተባለች፤ ኮምፒውተሩንም አትንኪ ተባለች። እህቴ ተባረረች ብላ ጾም ያዘች! አልተባረረችም። በብዙ ባንክ እንዲህ ያለ ደንብ አለ፤ ሰው ሲርቅ የደበቀው ነገር ካለ ብቅ ይላል ተብሎ ነው። በ2008 ሶሲዬቴ ዤኔራል የሚባለውን የፈረንሳይ ባንክ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ ያሳጣው ዤሮም ኬርቪዬል ዕረፍት መውጣት የማይወድ ሰው ነበር። ስለዚህ ልጃችሁን «ጎበዝ ሁን፣ ዕረፍት አትውሰድ» ብላችሁ እንዳትመክሩት።

ኧረ የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ ወዲያ ሁለት ጣቱን እያሳየኝ ነው። ሁለት ደቂቃ! የቀረውን እሮጥበታለሁ።

ማመልከቻው የሚከፈተው በሁለተኛው ዓመት መግቢያ፣ መስከረም አካባቢ ነው፤ ብዙዎቹ ቦታው ሲሞላ ይዘጋሉ። ልጁ ጥር ላይ «እስቲ ልሞክር» ካለ ዘግይቷል። ገንዘቡ፦ በእንግሊዝ ለአገሬው ተማሪ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው የሚያስከፍለው ከሙሉው ክፍያ 20 በመቶ አይበልጥም። ደመወዙን ጠይቁ፤ የትምህርቱ አካል የሆነና ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ልምምድ በዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ አይሸፈንም። ትላልቆቹ ባንኮች ይከፍላሉ፣ ሁሉም ቀጣሪ ግን ባንክ አይደለም። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ፣ ሳትፈርሙ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁን አማክሩ።

ስም! ስምን ልረሳው ነበር። ባንኮች የአመልካቹን ታሪክ ያጣራሉ። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም፣ የትምህርት ማስረጃ ላይ የአባት ስም፣ ባንክ ደብተር ላይ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ካለ ጣጣ ነው። የእኛ ልጆች ሦስት ሰው መስለው ነው የሚታዩት። አሁኑኑ አንድ አድርጉት።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመልሳ የመጨረሻ ዓመቷን ትማራለች። ከባንኩ የወጣች ቀን እናቷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳ፣ ያ በስሙ ለመጥራት የፈራችው አለቃ ሁለት ጊዜ ደገመ። ባለፈው እሁድ ከደሴ ተደወለ። እናቴ አሁንም አልረሳችውም።

«ያ ሒሳብ ታረቀልሽ ወይ?»

«ታርቋል እማማ።»

«ተመስገን። ሽማግሌዎቹን ምን አበላችኋቸው?»

«ድፎ ዳቦ» አለቻት።

በል ሙዚቃውን ልቀቀው።