በማሪኖ የወይን በዓል የዋልሁበት ቀን



በአንድ ወቅት ለትምህርት ሮም በነበርሁበት ጊዜ፣ በአንድ እሑድ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኙት የአልባኒ ኮረብቶች በባቡር ወጥቼ፣ ማሪኖ በምትባል ትንሽ ከተማ የወይን በዓል ላይ ውዬ ነበር። የመዝናኛ ውሎን በጉባኤ ፊት መተረክ ልማዴ አይደለም፤ ዛሬ ግን የማነሣበት ምክንያት አለኝ።

ጣልያኖች እንዲህ ያለውን የገጠር በዓል «ሳግራ» ይሉታል፤ ስሙ «ቅዱስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። የማሪኖው ሳግራ እ.ኤ.አ. በ1925 ሌዮኔ ቺፕሬሊ በተባለ ባለ ቅኔ አነሣሽነት ተጀምሮ፣ በየዓመቱ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ማለት በእኛ መስከረም መገባደጃ ላይ ይከበራል። በየሰገነቱ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። በየመንገዱ በወይን ጭማቂ የተለወሰ የቀለበት ዳቦ ይሸጣል፤ እኛ የማንቀምሰው የአሳማ ጥብስም እንዲሁ፤ እኔ ዳቦውን ይዤ አለፍሁ። ከሰዓት በኋላ የከተማይቱ ጌታ የነበረው ማርካንቶኒዮ ኮሎና እ.ኤ.አ. በ1571 ከሌፓንቶ የባሕር ጦርነት በድል መመለሱን የሚያስታውስ ሰልፍ፣ ጥንታዊ ልብስ በለበሱ ሰዎች ታጅቦ ያልፋል። ከዚያም የአደባባዩ ፏፏቴ በውኃ ፈንታ ነጭ ወይን ጠጅ ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባለሙያዎች ቧንቧውን በስሕተት አገናኝተው፣ ወይኑ በአንዳንድ ቤቶች የወጥ ቤት ቧንቧ ወጥቶ ነበር፤ ይህን ሲነግሩኝ የከተማው ሰዎች ዛሬም ይሥቃሉ።

እኔም ጽዋዬን ይዤ ተጠጋሁ። ቀና ብዬ ስመለከት ግን በፏፏቴው ዓምድ ላይ በሰንሰለት የታሰሩ አራት የሙር ምርኮኞች ምስል አየሁ። ፏፏቴው የተሠራው ለዚያው ድል መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ከሥራቸው እየቀዳ ይጠጣል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። በክፋት አይመስለኝም፤ ዐይን የለመደውን አያይም።

ሲመሻሽ ወደ ባቡር ጣቢያው ስወርድ አንድ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ወጣት አገኘሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወይን ሲለቅም ሰንብቶ ነበር። «በዓሉ እንዴት ነበር?» አልሁት። ሙዚቃውን ከእርሻው ሆኖ እንደ ሰማ ነገረኝ።

በጣልያን እርሻ ላይ ብዙ የውጭ አገር ወቅታዊ ሠራተኞች እንደሚደክሙ፣ ጉልበታቸውን የሚመዘብሩ ደላሎችንና አሠሪዎችንም የሚቀጣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ወጣ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ምሽት በባቡሩ ውስጥ ያሰብሁት ግን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 16ን ነበር። ከዐውድማና ከወይን መጭመቂያ ምርት በገባ ጊዜ የሚደረገውን በዓል ሲደነግግ፣ ደስ ይበላቸው ከሚላቸው መካከል አገልጋዩን፣ መጻተኛውን፣ ድኻ አደጉንና መበለቲቱን በየስማቸው ይቈጥራል። ለባለ እርሻው ብቻ የተሰጠ በዓል አይደለም።

አባቶቼ፣ ማሪኖ ወይኑን በሚያከብርበት በዚያው ሰሞን የእኛ ልጆች ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳሉ። ከእናንተ አጥቢያ የወረዱ አሉ፤ ወደ እናንተ አጥቢያ የመጡም አሉ። የሰበካው መዝገብ አባወራውን ከነቤተሰቡ ይመዘግባል። ለአጨዳ የመጣው ልጅ ቢታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ በንግሥ ቀን ማን «ና፣ ከእኛ ጋር ብላ» እንደሚለው ግን በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም። ከምሳ በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ዘንድሮ ስንት እንዲህ ያሉ ልጆች እንዳሉት በግምትም ቢሆን ጽፎ እንዲያመጣልኝ እለምናለሁ።