ወደ ኋላ የሚቀረውን ተማሪ በኅብረት ስለ መርዳት
(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በየክፍላችን ውስጥ የሚገኝ፣ ነገር ግን ድምፅ ስለሌለው ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ጋራ እኩል መራመድ ያቃተው ሕፃን ጉዳይ ነው። ጎበዙ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይታያል፤ ረባሹም በረብሻው ይታወቃል፤ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ ግን ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ጓደኞቹ በአንድነት ሲያነቡ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዓመቱን ይጨርሳል።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በ2002 ዓ.ም. የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በ6 የአገራችን ቋንቋዎች በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ ደግሞ በታችኛው ክፍል ያለ ተማሪ ሳይወድቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወር ነበር። የደንቡ አሳብ በጎ ነበር፤ ሕፃኑ ገና በጧቱ ልቡ ተሰብሮ እንዳይቀር ነውና። ነገር ግን ርዳታ ያልተጨመረበት ማለፍ ችግሩን ለሚቀጥለው መምህር ከማስረከብ በቀር ሌላ ፍሬ የለውም። ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚገኘው በንባብ ስለ ሆነ መጽሐፍ ሁሉ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ቢተው ማን ሊደነቅ ይችላል?

ይህን ሸክም እስከ ዛሬ የተሸከመው የክፍሉ መምህር ብቻውን ነው። ስድሳና ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል በሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ፣ መምህሩ የእያንዳንዱን ሕፃን ችግር ብቻውን መርምሮ፣ ብቻውን መድኃኒቱን እንዲያገኝ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል። ገበሬውም ቢሆን አዝመራው በደረሰ ጊዜ ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ ማሳ እየተባለ የአንዱ ሥራ የሁሉ ሥራ ይሆናል። እኔም ዛሬ የማሳስባችሁ የመምህራን ወንፈል እንዲቋቋም ነው።

ይህ አሳብ በሌላውም ዓለም የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቻልፋንት፣ ፒሽና ሙልትሪ የተባሉ አሜሪካውያን የትምህርት ሊቃውንት መምህራን ለመምህራን ርዳታ የሚሰጡበትን የቡድን ሥርዓት በጽሑፍ አቅርበው ነበር። ቡድኑ ከባልደረቦቻቸው መካከል በተመረጡ ጥቂት የክፍል መምህራን የሚመሠረት ሲሆን፣ ርዳታ የሚፈልገው መምህር ተማሪውን በሚመለከት ከነርሱ ጋራ ተቀምጦ ይመካከራል። የሥርዓቱ ዋና ነጥብ አማካሪዎቹ ተቆጣጣሪዎች ሳይሆኑ ራሳቸው ጠመኔ የያዙ መምህራን መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማንበብ አልቻለችም እንበል። ሦስት መምህራንና የልጅቱ መምህርት ለግማሽ ሰዓት ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው ደንብ ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ሥራዋ መናገር ነው። «ሰነፍ ናት» ማለት ፍርድ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ «ሀ ሁ ሂ ብላ በቃሏ ትወርዳለች፤ ‹ሂ›ን ለብቻዋ ጽፌ ባሳያት ግን አታውቃትም» ማለት ግን ማስረጃ ነው። የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ከወረደ በኋላ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት፣ ፊደሉ ከተለመደው ተራ ወጥቶ ሲደባለቅ ልጁ በቃሉ ሳይሆን በዓይኑ እንዲለየው ነው።

ሁለተኛው ደንብ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲያዋጣ ነው። ባለፈው ዓመት ያስተማራት መምህር በመከር ወራት ብዙ ቀን መቅረቷን ያስታውሳል፤ እናትየዋ ሲጠየቁ ጧት ጧት ታናሽ ወንድሟን እንደምትጠብቅ ይናገራሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ዓይኗን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልጋት መሆን አለመሆኑን ትገልጻለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ብቻውን ሙሉውን ነገር አያውቅም ነበር፤ በአንድነት ሲነጋገሩ ግን ነገሩ ይገለጣል።

ሦስተኛው ደንብ ጥቂት ሥራ መርጦ ቀን መቁረጥ ነው። ለምሳሌ ልጅቱና ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሦስት ልጆች ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ የተጻፉ ፊደላትን እያደባለቁ ይለማመዱ፤ ከሚያውቋቸው ፊደላት ጀምረውም አጫጭር ቃላት ያንብቡ። ይህን የሚሠራው ማን እንደ ሆነና በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ በስም ይወሰን። በየሳምንቱ አርብ ሃያ ፊደላት ያለ ተራቸው ቀርበውላት ስንቱን እንደ ለየች ይመዝገብ።

አራተኛው ደንብ በተቆረጠው ቀን እንደገና መሰብሰብ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥራው ይቀጥል፤ ባለበት ከቆመ ግን ልጅቱን ከመውቀስ ይልቅ የማስተማሪያው ዘዴ ይለወጥ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለውጥ ካልታየ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ወዳጠና ባለሙያ ትመራ። ባለሙያውም ያን ጊዜ የሚቀበለው የስድስት ሳምንት ማስረጃ ያላትን ልጅ እንጂ «አይገባትም» የሚል ወረቀት ብቻ የያዘች ልጅ አይሆንም።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው ቡድኑ ወደ ችሎትነት የተለወጠ እንደ ሆነ ነው። መምህሩ ችግሩን በገለጠ ጊዜ «አንተ ማስተማር አትችልም» የሚባል ከሆነ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ ልጁም ተሸሽጎ ይቀራል። ስለዚህ በቡድኑ የተነገረ ነገር ለመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ መስጫ መሆን የለበትም። ሁለተኛው አደጋ ወረቀት ነው። ስንት ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ተወልዶ በመዝገብ ቤት እንደ ሞተ ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ ለልጁ ይሁን።

«ጊዜው ከየት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሴ ግን ሥራው በሁሉም ልጆች ባንድ ጊዜ አይጀመር የሚል ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ተሰብስቦ የሁለት ልጆችን ነገር ብቻ መመልከት ይቻላል። ለአንዷ የተገኘው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ክፍል ላሉ ለሌሎች አምስት ልጆችም ይሆናል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ግን ይህን ግማሽ ሰዓት ከመምህሩ የዕረፍት ጊዜ ላይ ቆርሰው ሳይሆን ከሥራ ሰዓቱ ቆጥረው ሊሰጡት ይገባል። በትርፍ ጊዜ ይሠራ የተባለ ሥራ እንደ ትርፍ ነገር መቆጠሩ አይቀርምና።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ከዚህ ስብሰባ ወደየትምህርት ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን የአንድ ልጅ ስም በወረቀት እንጻፍ። ከዚያም አጠገባችን ያለውን ክፍል በር አንኳኩተን ባልደረባችንን «ይህን ልጅ አብረን እንየው» እንበለው። ወንፈሉ በዚህ ይጀመራል።