ጋባፔንቲን ፀጉርን ያረግፋልን? ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጥርጣሬና ስለ ማስረጃ

(ፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አንዲት ታካሚ ለነርቭ ሕመም ወይም ለሚጥል በሽታ ጋባፔንቲን የተባለ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ማበጠሪያዋ በፀጉር ይሞላል። «ፀጉሬን የሚያረግፈው ይህ መድኃኒት ነውን?» ብላ ትጠይቃለች። በርካታ ታካሚዎች በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱ መልስ ይገጥማቸዋል፤ ወይ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ተብለው ይመለሳሉ፣ ወይ ከጎረቤት «ተይው ይቅርብሽ» የሚል ምክር ሰምተው መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ያቋርጣሉ። ሁለቱም መልሶች ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያው ታካሚዋ በሐኪሟ ላይ ያላትን እምነት ይሸረሽራል፤ ሁለተኛው ሕይወቷን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን በሚገባው ክብደት እንመርምረው።

መድኃኒቱ

ጋባፔንቲን በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ የተፈቀደውም ለሚጥል በሽታ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተደርቦ እንዲሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በእኛ ዘንድ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕመም ለሚያስከትለው የእግር መቃጠልና ለሌሎችም የነርቭ ሕመሞች በሰፊው ይታዘዛል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ፕሪጋባሊን እ.ኤ.አ. በ2004 ተከተለው።

ስሙ ጋባ ከተባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር ቢያቆራኘውም፣ ዋና ሥራው ከዚያ የተለየ ነው። በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካለው የካልሲየም መተላለፊያ አንድ ክፍል ጋር ተጣብቆ ሕዋሳቱ ከልክ ያለፈ መልእክት እንዳይለቁ ያግዳል። በጉበት አይብላላም፤ እንዳለ በኩላሊት ይወጣል። የታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማዞር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የእግር ማበጥና የክብደት መጨመር ናቸው። የፀጉር መርገፍ ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ መካከል አይቆጠርም። ይህ ማለት ግን ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም።

ፀጉር የሚረግፍበት ሥርዓት

ማስረጃውን ከመመዘናችን በፊት ፀጉር በምን ሥርዓት እንደሚኖር ማወቅ ይገባል። በራስ ቅላችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ የዕድሜ ዑደት አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት በዕድገት ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በሚፈጅ ሽግግር ያልፋል፤ በመጨረሻም ለ3 ወር ያህል ያርፍና ይወድቃል። ጤናማ ሰውም በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ይህ በየጊዜው በአዲስ ስለሚተካ አናስተውለውም።

ይህ ሥርዓት በሁለት መንገድ ሊታወክ ይችላል። የመጀመሪያው በዕድገት ላይ ያለውን ፀጉር በቀጥታ የሚመታ ነው፤ የካንሰር መድኃኒቶች የሚያደርጉት ይህን ነው፤ ፀጉሩም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይረግፋል። ሁለተኛው ብዙ ፀጉር ጊዜው ሳይደርስ በአንድነት ወደ ዕረፍት እንዲገባ የሚያደርግ ነው። ይህን ሁኔታ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1961 ቴሎጀን ኤፍሉቪየም የሚል ስም ሰጥተውታል። የሚጥል በሽታና የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ፀጉር ሲያረግፉ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወደ ዕረፍት የገባ ፀጉር ወዲያው አይወድቅም፤ ሁለት ሦስት ወር ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ የረገፈው ፀጉር የሚመሰክረው ትናንት ስለሆነው ነገር ሳይሆን ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ስለሆነው ነው። መድኃኒቱን ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ፀጉሩ የረገፈበት ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ። መድኃኒቱን ከጀመረ ከሁለት እስከ አራት ወር ውስጥ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ሰው ግን ጥርጣሬው መሠረት አለው።

የተመዘገበው ምን ይላል?

በአሜሪካ ለጋባፔንቲን በወጣው የቀድሞ የመረጃ ጽሑፍ ላይ የፀጉር መርገፍ «አልፎ አልፎ» በሚለው ምድብ ተመዝግቦ ይገኛል። የዚህ ምድብ ትርጉም ከ100 ሰዎች ከ1 ያነሰ፣ ከ1,000 ሰዎች ግን 1 ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። በአውሮፓ ጽሑፎች ደግሞ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የተዘገበ፣ የድግግሞሹ መጠን ያልታወቀ ተብሎ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የፋርማሲ መጽሔት ከጋባፔንቲን ጋር ተያይዞ የተከሰተ የፀጉር መርገፍን የመጀመሪያ ታካሚ ታሪክ አውጥቷል።

እንግዲህ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለው መልስ ትክክል አይደለም። ነገር ግን ዝርዝሩን ጠለቅ ብለን ስናየው አስተማሪ ነገር እናገኛለን። በዚያው የአሜሪካ ጽሑፍ፣ በዚያው መሥመር ላይ፣ ከልክ ያለፈ የፀጉር መብቀልም ተጽፏል። አንድ መድኃኒት ፀጉርን ያረግፋልም ያበቅላልም እንዴት ይባላል? መልሱ ዝርዝሩ የፍርድ መዝገብ አለመሆኑ ነው። በጥናቱ ዘመን መድኃኒቱን ይወስዱ በነበሩ ሰዎች ላይ የታየው ሁሉ ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ያመጣውም፣ በአጋጣሚ የተከሰተውም አብሮ ይሰፍራል። ዝርዝሩ የተጠርጣሪዎች ስም እንጂ የተፈረደባቸው ሰዎች ስም አይደለም።

ከወንድሞቹ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይጎላል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት በፀጉር ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ማስረጃ ያለበት መድኃኒት ነው። የአውሮፓ ጽሑፎች በእርሱ ምክንያት የሚመጣውን የፀጉር መሳሳት ከ100 ታካሚዎች ከ1 እስከ 10 በሚደርሱት ላይ የሚታይ፣ ከመጠኑ ጋር የሚያያዝና ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ እንደሆነ ያስቀምጡታል። መጠኑ ሲጨምር መርገፉ ይጨምራል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል፤ እንደገና የሚበቅለውም ፀጉር አንዳንዴ ከቀድሞው ይልቅ የተጠቀለለ ይሆናል። በመጠኑና በውጤቱ መካከል እንዲህ ያለ ግንኙነት ሲኖር ጥርጣሬ ወደ ማስረጃነት ይጠጋል። ፌኒቶይን በአንጻሩ ፀጉር ያልነበረበት ቦታ ላይ ፀጉር በማብቀል ይታወቃል። ጋባፔንቲን ከሁለቱም የራቀ ነው፤ ሊያረግፍ ይችላል፤ የሚያረግፈው ግን ጥቂት ሰዎችን ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። ሰው መድኃኒት የሚወስደው ታምሞ ነው። መድኃኒቱንና የፀጉሩን መርገፍ ብቻ ካየን በመካከላቸው የቆመውን ሕመም እንዘነጋለን። ሕመሙ ራሱ ነርቭንም ፀጉርንም አብሮ የሚመታ ሊሆን ይችላል።

የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ፀጉርም ይሳሳል። ቁጥጥር ያጣ የስኳር ሕመም ነርቭን ይጎዳል፤ ታካሚውም በአጭር ጊዜ ብዙ ክብደት ይቀንስና የክብደቱ መቀነስ ፀጉሩን ያረግፈዋል። ቂጥኝ ሕክምና ሳያገኝ ሲቆይ የነርቭ ሥርዓትን ይነካል፤ ብል እንደበላው ጨርቅ ቦታ ቦታውን የሳሳ ፀጉርንም ያስከትላል። የሥጋ ደዌ ነርቭን ያሳምማል፤ ያደነዝዛል፤ ቅንድብንም ያረግፋል። ቅንድቡ ከዳርና ዳር የሳሳበትንና እጁ የሚያቃጥለውን ታካሚ አይቶ «ጋባፔንቲኑ ነው» የሚል ሐኪም ሊታከም የሚችል በሽታ አምልጦታል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደነግጠው ምሳሌ ታልየም ነው። በቀድሞ ዘመን ለአይጥ መርዝነት ያገለግል የነበረው ይህ ብረት ወደ ሰውነት ሲገባ በመጀመሪያ እግርን በኃይለኛ ሕመም ያቃጥላል፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉርን ያረግፋል። የእግሩ ሕመም የነርቭ መድኃኒት ያሳዝዛል፤ ፀጉሩ ሲረግፍ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ላይ ይለጠፋል፤ መርዙ ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ ሌላ በአገራችን ዘወትር የምናያቸው ምክንያቶች አሉ። ከባድ ትኩሳት ያለበት ታይፎይድ ወይም ወባ፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የብረት ማዕድን እጥረት፣ ጽኑ ሐዘንና ጭንቀት፤ ሁሉም ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር ያረግፋሉ። ለዓመታት ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከሥሩ እየሳበ ያሳሳል። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ደግሞ በፈንገስ የሚመጣ ነው። መድኃኒት የሚያመጣው መርገፍ ብዙውን ጊዜ ራስን በሙሉ እኩል ያሳሳል፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተመለጠ፣ የሚያሳክክ፣ ቅርፊት ወይም ጠባሳ ያለው ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል።

እንዴት እንመዝን?

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጥርጣሬ ሥርዓት ያስፈልገዋል። የታሊዶማይድ መዘዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ መድኃኒቶች ገበያ ላይ ከዋሉም በኋላ እንዲጠበቁ ተደረገ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1968 ዓለም አቀፍ የክትትል መርሐ ግብር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ናራንጆና ባልደረቦቻቸው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አወጡ። ከጥያቄዎቹ ዋና ዋናዎቹን በቀላል አነጋገር ላስቀምጥ፦ ከዚህ በፊት ተዘግቧልን? ጉዳቱ የመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ነውን? መድኃኒቱ ሲቆም ተሻለን? እንደገና ሲጀመር ተመለሰን? መጠኑ ሲጨምር ባሰን? ብቻውን ይህን ሊያመጣ የሚችል ሌላ ምክንያት አለን?

በፀጉር ጉዳይ ከእነዚህ አንዱ ጥያቄ ያሳስታል። ቴሎጀን ኤፍሉቪየም አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ጊዜ ያበቃል። ስለዚህ «መድኃኒቱን አቆምኩ፤ ፀጉሬም መርገፉን አቆመ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሳያቆሙትም ሊያቆም ይችል ነበርና። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ዛሬ ቢቆም አስቀድሞ ወደ ዕረፍት የገባው ፀጉር ለወራት መውደቁን ይቀጥላል፤ ፀጉር በወር የሚያድገውም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ ውጤት የጠበቀ ሰው በተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

በድንገት ስለ ማቋረጥ

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ካቋረጠ በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስበት፣ ሳያቋርጥ የሚቀጥል መንፈራገጥም ሊያስከትልበት ይችላል፤ ይህም ይገድላል። በአገራችን ደግሞ ምድጃው መሬት ላይ፣ ውኃው ወንዝ ውስጥ ነው። ታካሚ እሳት ላይ ወድቆ እጁን ማጣቱ፣ ውኃ ሲቀዳ መስጠሙ ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። የረገፈ ፀጉር ይመለሳል፤ እሳት የበላው እጅ አይመለስም። ስለዚህ ጋባፔንቲን መቆም ካለበት በሐኪም ምክር፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ነው፤ ለሚጥል በሽታ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በበለጠ ጥንቃቄና የሚተካው ሌላ መድኃኒት ታስቦበት።

ሐኪሙም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ታካሚዋን ያድምጥ፤ ከሦስት ወር በፊት ምን እንደሆነች ይጠይቅ፤ ራሷን ይመልከት፤ የደም ማነስንና የታይሮይድን ምርመራ ይዘዝ፤ አብራ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ይቁጠር። ፀጉር የሕይወት ጉዳይ አይደለም ብሎ መናቅ አይገባም፤ ለብዙ ሴቶች ክብርም ማንነትም ነውና። የተናቀች ታካሚ መድኃኒቷን በድብቅ ትተዋለች፤ ሐኪሟም ይህን የሚያውቀው ከወደቀች በኋላ ነው። ሌላ ምክንያት ታጥቶ ጥርጣሬው ከጸና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ማድረግ ይገባል። «ድግግሞሹ አልታወቀም» የሚለው ቃል የሚታወቅበት ቀን የሚመጣው እያንዳንዳችን ያየነውን ስንጽፍ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሴ ይህ ነው፦ ጋባፔንቲን ፀጉርን ሊያረግፍ ይችላል፤ ይህ ግን የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሲደርስም በአብዛኛው ጊዜያዊ ነው። ከእርሱ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሌሎች ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ካልታከሙ ከፀጉር የሚበልጥ ነገር ያሳጣሉ። ፀጉሩ የረገፈበት ሰው ጥያቄውን ወደ ሐኪሙ ይውሰድ፤ መድኃኒቱን ግን መልሱን እስኪያገኝ ድረስ አያቋርጥ።