በአፍደም ያየኋት ሠዓሊት



ለሥራ ጉዳይ ወደ አፍደም ወርጄ ሳለሁ ስለ አንዲት ሠዓሊት ሕይወት የተሠራ ፊልም ለማየት ዕድል ገጠመኝ። አፍደም፥ በድሮው ባቡር ወደ ድሬዳዋ የተጓዛችሁ እንደምታስታውሷት፥ ከአዋሽ ማዶ በቆላው ምድር ያለች የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። ሲኒማ ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም። እኛም ያየነው ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ፥ ባረፍንበት ቤት ግቢ ተቀምጠን፥ ከአንድ ባልንጀራዬ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ፊልሙ «ፍሪዳ» ይባላል። ጁሊ ቴይመር የምትባል አዘጋጅ በ2002 ያወጣችው ሲሆን፥ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነችው ሳልማ ሃዬክ የሠዓሊቷን የፍሪዳ ካሎን ቦታ ይዛ ትጫወታለች። የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ፍሪዳ በ1907 ተወለደች። በስድስት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ይዟት ቀኝ እግሯ ቀጠነ። ይሁን እንጂ ሐኪም ለመሆን አስባ ትማር ነበር። በ1925 ዓመት፥ ገና 18 ዓመቷ ሳለ፥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከከተማ ባቡር ጋር ተጋጨ። የብረት መደገፊያ በዳሌዋ ዘልቆ ገባ፤ የጀርባ አጥንቷም ተሰበረ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው እንድታስተውሉልኝ የምለምናችሁ። እናቷ ተኝታ የምትሥልበት የሥዕል ማቆሚያ አሠራችላት፤ ከአልጋዋም በላይ መስታወት ተሰቀለ። ልጅቱም ቀና ብላ የምታየው የራሷን ፊት ብቻ ስለ ሆነ፥ እሱኑ መሣል ጀመረች። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በእነዚያ የራስ ምስሎች ነው።

ፊልሙ ለቀለሙና ለዜማው የሚመሰገን ነው፤ ለሙዚቃውና ለፊት አሠራሩ ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የባሏን የዲዬጎ ሪቬራን ጉዳይ፥ በ1929 መጋባታቸውን፥ መፋታታቸውን፥ በ1940 እንደገና መጋባታቸውን እያበዛ፥ ብሩሽ የያዘችበትን ሰዓት አሳነሰብን። ይህን የታዘብኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ቡና ታፈላልን የነበረችው የቤቱ እመቤት ረከቦቱን ትታ ቆማ ስታይ ቆየችና፥ «ጋሼ፥ ይህ ሁሉ ሲሆን እሷ መቼ ሣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ የተሻለ ሒስ በጋዜጣ አላነበብኩም።

በ1953 በአገሯ ለብቻዋ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ባሳየች ጊዜ በሕመም ምክንያት ከአልጋዋ መውረድ አልቻለችም፤ ስለዚህ አልጋዋ ከአዳራሹ ገብቶ፥ እንግዶቿን ተኝታ ተቀበለች። በዚያው ዓመት እግሯ ተቆረጠ፤ በ1954 አረፈች።

ወደ እኛም አገር ስንመለስ፥ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 ካቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቃ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ደስታ ሐጎስ ናት። በ1969 ሥራዎቿን ለብቻዋ ለሕዝብ አሳይታለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሸራ ወጥራ በአዳራሽ መቆሟ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበር፥ ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ልትገምቱት ትችላላችሁ። የሷም ሕይወት በፊልም ተሠርቶ ባየሁ እንዴት በተደሰትሁ!

እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ክረምት ሥዕል ልማር ብትለኝ፥ እንደ ብዙዎቻችን የመሥሪያ ቤት ሰዎች፥ «መጀመሪያ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ያዢ» ብዬ መለስኋት። እሷም ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕል ነገር አላነሣችብኝም። በአፍደም ያን ሌሊት እንቅልፍ የከለከለኝ የአጥንቱ መሰበር ሳይሆን መስታወቱ ነው። የዚያች እናት ልጅ ለመዳኗ እንኳ ዋስትና አልነበራትም፤ የኔይቱ ግን ጤነኛ ናት።

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ የመጀመሪያው ሥራዬ በልጄ መኝታ ክፍል ያለውን ቁም ሣጥን ገፍቼ፥ በመስኮቱ በኩል ለሥዕል ማቆሚያ የሚሆን ቦታ መልቀቅ ሆነ። ቁም ሣጥኑ ከባድ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በሩን በግማሽ ዘግቶት ይገኛል፤ ስገባ ሁልጊዜ ትከሻዬን ይመታኛል።